የትርንጎ ፍራሽ

አንዳርጌ በየሐሙሱ ጠዋት የሚያደርጋት ነገር አለችው። ፀሐይ የአዳማን ቆርቆሮ ማጋል ሳትጀምር አሮጌ መኪናውን አስነስቶ እስከ አደባባዩ ይነዳና ይመለሳል፤ ልጁን ሳይዝ፣ ብቻውን፣ ጆሮውን አቁሞ። የግራው የኋላ በር ይንቋቋል፣ ወለሉ ያጉረመርማል፣ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ዝም ሲያሰኝ ሌላው ይነሳበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ በተገላገለ። አንዳርጌ ግን ያብስራ የሚባል የአራት ዓመት ልጅ አለው፣ የልጁ ልብ ደግሞ ጩኸት አትችልም።

የልጁ ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነችለትም። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ። "የቀዶ ጥገናው ወረፋ እስኪደርሰው እንዳይደነግጥ፣ እንዳያለቅስ። ካለቀሰ አየር ያጥረዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል" አለችው።

"ከዚያስ?" አላት።

የቀጠሮ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችው። ይኸው ለክትትል በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ አዲስ አበባ መመላለስ ግድ ሆነ። ባለፈው ጉዞ ሞጆ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ሲለቀው የመኪናዋ ቆርቆሮ ሁሉ አብሮ ጮኸ፤ ልጁም ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ። አንዳርጌ መንገድ ዳር ቆሞ፣ የጠቆረውንና የተዝለፈለፈውን ልጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ "አባቴ፣ ተመለስልኝ፣ አባቴ" ሲል የቆየበትን ያን ደቂቃ ለጠላትም አይስጥ። ልጁ ተመለሰ። አንዳርጌ ግን ሁለተኛ እንደማይመለስለት ያን ዕለት ገባው።

ስለዚህ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ሽብሩ የመኪና ወንበር ሲያለብሱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሱቃቸው የማስቲሽና የቆዳ ሽታ ያፍናል። መጀመሪያ ፊቱ ብርማ የሆነ ጥቁር የጎማ ንጣፍ ዘረጉለት። "ድምፅ ገዳይ ማለት ይሄ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው" አሉት። ዋጋውን ሲነግሩት እጁን ከላዩ ላይ አነሳ።

"ይሄኛውስ?"

"እሱ የቤት ጣሪያ ሬንጅ ነው። ርካሽ ነው፣ ድምፅም ይይዛል። ግን በዚህ ሙቀት ላብ ያወጣል፣ ይሸታል። ለልጅህ ትንፋሽ አይሆንም።"

"ስፖንጁስ?"

"አንድ ክረምት ነው ዕድሜው። ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል።"

"ጋሽ ሽብሩ፣ በሞቴ፣ የሆነ ነገር ይፈልጉልኝ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን አከክ አደረጉ። "ድሮ ይሄ ሁሉ ሳይመጣ በጥጥ ነበር የምንሠራው። ሰው ብዙ የተኛበት፣ ተጨፍልቆ የደደረ የፍራሽ ጥጥ ካለህ ከዚህ ከውጭው አያንስም። የእጄን አላስከፍልህም።"

ጥጡ ነበረው። ሚስቱ ትርንጎ ከመሞቷ በፊት አምስት ወር ሙሉ የተኛችበት ፍራሽ። እሷም በልብ ሕመም ነው የሄደችው፤ ትንፋሿ አጭር አጭርና ፈጣን ነበር፣ ልጁም የወረሰው የእሷን ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲተኙ የማን ትንፋሽ የማን እንደሆነ አይለይም። የአርባዋ ዕለት ልብሷም መኝታዋም ቤተ ክርስቲያን በር ላሉ ነዳያን መሰጠት ነበረበት፤ ወጉ ነው። "የሟች መኝታ ቤት አይውልም፤ ስጥላትና ትረፍ" ብለውት ነበር ጎረቤቱ እትዬ አስካለ። አንዳርጌ ልብሱን ሰጠ። ፍራሹን ግን አንጀቱ አልቻለለትም፤ "ሰጥቻለሁ" ብሎ ዋሽቶ አልጋው ሥር ሸጎጠው።

ጋሽ ሽብሩ ሱቅ ወስዶ የፍራሹን ጨርቅ ሲቀድደው የቅባቷና የመድኃኒቷ ሽታ ፊቱን መታው። ጋሽ ሽብሩ የማን እንደሆነ አልጠየቁም። ጥጡን በበሮቹ ሆድ፣ በወለሉ ምንጣፍ ሥር፣ በጣሪያው ውስጥ ጠቀጠቁት። ከመካከል የወጣውን፣ ጀርባዋ ያረፈበትንና ከሁሉ የደደረውን፣ በግራው የኋላ በር ከተቱት፤ ልጁ ሲተኛ ራሱን የሚያስጠጋው እዚያ ነው። ተገጣጥሞ አልቆ አንዳርጌ ገብቶ በሩን ሲዘጋ የባጃጁ ጫጫታ፣ የመዶሻው ድምፅ፣ የልጆቹ ጩኸት፣ ሁሉም ባንዴ ጠፋ። መሪው ላይ ተደፍቶ በደስታ አለቀሰ።

በማግስቱ ያብስራ ከአዳማ አዲስ አበባ ሳይነቃ ሄደ፣ ሳይነቃ ተመለሰ። ከንፈሩ ቀላ፤ ሐኪሟም ደስ አላት። አንዳርጌ ተመስገን አለ፤ ለምን አይልም!

ነገር የጀመረው ቅዳሜ ነው። መኪናዋን ሊያጥብ ገብቶ ሞተሯ ሳይነሳ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከኋላ የሆነ ነገር ሰማ፤ ስስ፣ ፈጣን፣ ሳብ ለቀቅ የሚል። የገዛ ትንፋሹ መስሎት አፉን ይዞ ቆየ። አልቆመም። ሰኞ ማለዳ ዳሽቦርዱ ገና ከሌሊቱ ብርድ ሳይላቀቅ የግራውን የኋላ በር ሲዳስሰው ለብ ብሏል። ከዚያ ያ የቅባት ሽታ መጣ፤ በየቀኑ እየከረረ፣ እንደ አዲስ፣ ዛሬ የተቀባችው ይመስል። ልጁ ደግሞ ቤት መዋል እምቢ አለ፤ መኪና ውስጥ ካልሆንኩ ይላል፤ ጉንጩን በሩ ላይ ለጥፎ እየሳቀ "እሺ፣ እሺ" ይላል።

"ማንን ነው እሺ የምትለው አባቴ?"

"እማዬን።"

"ምን አለችህ?"

"ሲደክምህ ወደ እኔ ግባ አለችኝ።"

ያን ዕለት እትዬ አስካለ ዘንድ ሮጦ ሁሉንም ተናዘዘ። ደረታቸውን ደቁ። "ወይኔ ልጄን! አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ልጅህን በገዛ እጅህ አስረከብካት እኮ! አውጣው፣ ዛሬውኑ አውጣው!"

መፍቻውን ይዞ በሩ ሥር ተንበርክኮ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነበር፤ የያብስራ ወረፋ ደርሷል። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘ ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል። አንዳርጌ መፍቻው እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ጥጡን ካወጣው ያ ጩኸት ይመለሳል፤ ልጁ ሞጆን አያልፍም። ከተወውም... ምን ያድርግ? እግዜር ያሳያችሁ፣ ምን ያድርግ? ብሎኑን መልሶ አጠበቀው።

ጎህ ሲቀድ ወጡ። መንገዱ ከመስታወቱ ውጪ ያለ ድምፅ ይፈሳል፤ የጭነት መኪኖቹ አፋቸውን እንደታፈኑ ጥቋቁር ሆነው ያልፋሉ። ያብስራ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ራሱን በሩ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ሞጆን ሲያልፉ አንዳርጌ በደንብ ሰማ፤ ከኋላው ሁለት ትንፋሽ ነበር። ሁለቱም አጭር፣ ሁለቱም ፈጣን፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል።

"ትርንጎ" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። "ትርንጎዬ፣ ፍራሽሽን የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። እኔን ቅጪኝ። እሱን ተይልኝ። ሌላ የለኝም። እባክሽ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ተይልኝና ሂጂ።"

ሁለቱ ትንፋሾች ተቀላቀሉ፤ ፈጠኑ፤ ተሻሙ። ከዚያ ቢሾፍቱ መግቢያ ላይ አንደኛው ቀስ ብሎ ሳሳ፣ ሳሳና ቆመ።

አንዱ ብቻ ቀረ። አንዳርጌ ዕንባው መንገዱን እስኪጋርደው አለቀሰ። ሰማችው! ሄደችለት! በመስታወቱ ቢያይ ልጁ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እንደተኛ ነው። ልቀስቅሰው አላለም፤ ቢደነግጥበትስ? እስከ ዱከም፣ እስከ ቃሊቲ፣ ያቺን አንዲት ትንፋሽ እየቆጠረ፣ በእያንዳንዷ ላይ ተመስገን እያለ ነዳ።

ሆስፒታሉ ግቢ የደረሰው ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሞተሩን አጠፋ። ትንፋሹ አለ፤ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ። "ደረስን እኮ አባቴ" እያለ በቀኙ የኋላ በር ገብቶ ብርድ ልብሱን ገለጠና የልጁን እጅ ያዘ። እጁ ቀዝቅዟል። ጉንጩም ቀዝቅዟል፤ ከንፈሩ ጥቁር ነው። አንዳርጌ ያችን ትንሽ እጅ እንደጨበጠ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፤ ከቢሾፍቱ ጀምሮ ተመስገን ያለላት ትንፋሽ አሁንም አልቆመችም፤ የምትመጣው ከግራው በር ውስጥ ነበር።