ሲሊኮኑ አልደረቀም

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ሳይወጋ አይመለስም። ማንም ሳያሳያት፣ አሮጌ ቀሚስ እየፈታች መልሳ እየገጠመች ሙያውን ራሷን ያስተማረች ልጅ ናት። ስለዚህ አንድ ቀን ከጣሪያዋ የወረደ የውሃ ጠብታ ሊያልቅ ጥቂት በቀረው የሙሽራ ቀሚስ ላይ ጠብ ሲል፣ ቀሚሱን እንዳንጠለጠለች ደረጃውን ሽቅብ በረረችበት።

የላይኛው ፎቅ በር ተከፈተ። እዚያ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እጁ ላይ የሚንጠባጠብ መወልወያ ይዟል።

«ቤትህ ውስጥ ወንዝ ጠልፈሃል ወይስ ዝናቡ ለአንተ ብቻ ነው የሚዘንበው?»

«ይቅርታ፣ የዓሣዎቹ ገንዳ ነው...»

«ዓሣዎቹን ተዋቸው! አንተ ይቅርታ ጠይቀኝ።»

«ጠየቅኩሽ'ኮ» አለ፣ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነክሶ።

ሳሎኑ ጥግ የመስታወት ገንዳ ቆሟል። አጠገቡ የሹፌሩ እናት ተቀምጠዋል። ገንዳው የሟች ባላቸው ስጦታ ነው፤ ከቀበሯቸው ወዲህ ልጃቸው እስኪመለስ የሚያወሩት ከዓሣዎቹ ጋር ነው። እርጥቡን ቀሚስ ሲያዩ ደነገጡ።

«የሰው ልብስ አበላሸንብሽ፣ ልጄ? በቃ፣ ለሚፈልግ ሰው ስጣቸው!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ስጣቸው» ይበሉ እንጂ እጃቸው መስታወቱን አልለቀቀም።

መርፌ ተሸክማው የወጣችው ስድብ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ጎንበስ ብላ አየች። የጠረጴዛው አንድ እግር ያጥራል። ሹፌሩ ያስተካከለ መስሎት በገንዳው አንድ ጥግ ሥር ካርቶን አጥፎ ወትፏል። ክብደቱ እዚያች ጥግ ላይ ቢያርፍ ጊዜ መስታወቱ በፀጉር ቅጥነት ተሰንጥቋል። ስንጥቁን ደግሞ ከውጭ በሲሊኮን ማጣበቂያ ለቅልቆታል።

«ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔ።»

«አውቶቡሱንም እንዲህ ነው የምትነዳው? ውሃው እኮ ከውስጥ ነው የሚገፋው! እንደ ልብስ ከውስጥ ጣፈው፤ ያኔ ውሃው ራሱ መጣፊያውን ተጭኖ ይይዝልሃል።»

ሹፌሩ ስንጥቁን ትቶ እሷን አያት። እየተሰደበ እንዲህ በአድናቆት የሚያይ ወንድ ገጥሟት አያውቅም።

ውሃ የጠጣው የሳሎኑ ወለል ጣውላ እስኪደርቅ ክብደት አይችልምና፣ ዓሣዎቹ መርፌ ክፍል ወረዱ፤ ጨርቅ የምትዘፈዝፍበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ፣ አየር ከምትነፋላቸው ትንሽ ሞተር ጋር። ገንዳውን አድርቀው፣ አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ ፋቁና ስንጥቁ ላይ ከውስጥ ቁራጭ መስታወት ለጠፉበት።

ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ ከሥራ ሲመለስ «ዓሣዎቹን ልይ» እያለ ጎራ ማለት ለመደ። ዓይኑ ግን ሳፋው ላይ አይቆይም። መቀስ ያቀብላታል፤ ከጋቢና እስከ ኋላ ወንበር የሰማውን የተሳፋሪ ወሬ ይዘረግፍላታል። ስትስቅ ስፌቷ ይጣመማል፤ ፈትታ ትደግመዋለች፤ አትቆጭም። ከዚያ አብረው ወደ ላይ ወጥተው መጣፊያውን ይነካሉ።

«ደረቀ?»

«ምኑ ይደርቃል! ገና ጣት ይይዛል» ትላለች።

«ለእኔም እንደዚያው ነው» ይላል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እነሱን ግን የወሰዳቸው ውሃ የሌለበት ገንዳ ነው።

ሲሊኮኑ ከደረቀ ሰንብቷል። መርፌ ታውቃለች። ግን ዓሣዎቹ ከወጡ እሱ በምን ሰበብ ይወርዳል? ሰፈሩን ሁሉ የሚወጋው ምላሷ «እንዲሁ ና» ለማለት ደነዘ።

አንድ አመሻሽ ብቻዋን ወጣች። እናትየው ባዶው ገንዳ ፊት ተቀምጠዋል። የዓሣ ምግቡን ቆርቆሮ ከፍተው ይዘዋል፤ ለማን እንደሚበትኑት ጠፍቷቸዋል።

«አልደረቀም፣ አይደል ልጄ?» አሉ። «ግድ የለም። ነገ ለሰው ይሰጣቸዋል። አንቺንም አጣበብንሽ። ዝምታም ይለመዳል።»

ሹፌሩ በዚያው ቅጽበት ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ መርፌ ሳትዞር አወቀችው።

«ደርቋል፣ እማማ። ከደረቀ ቆይቷል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን፣ የኔ ልጅ?»

መሬት መሬት አየች። «ዓሣዎቹ ከወጡ... እሱ አይወርድም ብዬ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለ ሹፌሩ። «ጠዋት ስወጣ እነካዋለሁ። ድንጋይ ሆኗል።»

«ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?»

«ውሸታም ብዬሽ ከምላስሽ ማን ያስጥለኛል?»

እናትየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ሁለት ጎልማሳ ተጋግዛችሁ እኔን በባዶ መስታወት ላይ አስፈጠጣችሁኝ በሉኛ!» አሉና ሳቁ። ልጃቸው እንዲህ ሲስቁ ከሰማ ስንት ጊዜው!

በማግስቱ ሹፌሩ ረጃጅሞቹን የጠረጴዛ እግሮች በመጋዝ አሳጥሮ አስተካከለ። መርፌ ለኮት ትከሻ የምታስገባውን ስፖንጅ በገንዳው ልክ ቆርጣ ከሥሩ አነጠፈች፤ ክብደቱ በአንድ ጥግ ላይ እንዳይወድቅ። ዙሪያውን የሙሽራዋን ቀሚስ ትርፍራፊ አነጠፉ፤ አንዲት ጠብታ ብትወጣ እንድትታይ። ውሃውን ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ እየቆሙ እያዩ ሞሉ። ከዚያም ዓሣዎቹን መለሱ።

መርፌ እጇን በጥጉ ሥር ሰደደች። የእሱም እጅ እዚያው ነበር።

«ደረቅ ነው» አለች።

«ስለ መድረቅ የአንቺ ምስክርነት አይታመንም።»

«እጄን ልቀቅና ደግሜ ልዳስሰው።»

አልለቀቀም። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ወደ ስፌቷ ልትወርድ ስትል እናትየው ምግቡን እየበተኑ ጠሯት። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ለመውጣት ጣሪያሽ እስኪያንጠባጥብ አትጠብቂ።»

«ልጅዎም ለመውረድ ዓሣ አይጠብቅ!» አለች ከደረጃው።

እሱማ አልጠበቀም፤ ከኋላዋ እየወረደ ነበር።