የአህያዋ የኋላ እግር

የምንታምር እግር አርፎ አያውቅም። ቁርስ ስትበላ ዱብ ዱብ! ፀጉሯን ስትሠራ ዱብ ዱብ!

ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሯ አዳራሽ ቴአትር ትማራለች። ለቴአትሩ ቀን አንበሳ መሆን አምሯታል፤ አንበሳውን ሁሉም ያየዋላ።

መምህርት ዘርፌ ግን የአህያዋን እግር ሰጧት። እሱም የኋላውን!

የፊት እግር ዝምተኛው ቢራራ ነው። ከጫማቸው ሥር የእንጨት ኮቴ አሰሩ፤ ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሰው ጎንበስ አሉ። አህያ ሆኑ።

ቢራራ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ኳ… ኳ…። ምንታምር ግን ዱብ ዱብ ዱብ!

ተረከዙን ረገጠችው። ዷ! አህያዋ መሐል ለመሐል ታጥፋ ወደቀች።

ልጆቹ ሳቁ። ምንታምር አኮረፈች። ፊቴን ማንም ላያየኝ፣ በቃ እተወዋለሁ አለች።

መምህርት ዘርፌ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ምንታምርዬ፣ ለተጠማው አንበሳ ውኃ የምታመጣው አህያዋ ናት። የፊቱ እግር ያያል፤ የኋላው ይሰማል። የቢራራን ኮቴ ስሚው።»

ሰማች። ኳ… ኳ…። እሷም ኳ… ኳ…።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዱብ ዱብ! ዷ! ምን ይደረግ፣ እግሯ ነዋ።

የቴአትሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አንበሳው መድረክ ላይ ተጋድሞ «ውኃ… ውኃ…» ይላል።

አህያዋ ብቅ አለች። ቆመች።

ቢራራ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ክው አለ።

የምንታምር እግር ተቁነጠነጠ። ሩጪ ሩጪ አላት። ግፊው ግፊው አላት።

ብትገፋው ግን አህያዋ ትወድቃለች። አንበሳውም ውኃ አያገኝም።

ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ከዚያ በኮቴዋ መድረኩን ቀስ አድርጋ መታች፤ ኳ… ኳ…።

«ቢራራ፣ ከኋላህ አለሁ» አለችው በሹክሹክታ።

ቢራራ ሰማ። ኳ… አለ። ምንታምርም ኳ… አለች።

ኳ… ኳ… ኳ… ኳ…። አህያዋ ውኃውን አደረሰች፤ አንበሳው ግጥም አድርጎ ጠጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ!

ማታ አባቷ ብርድ ልብስ እያለበሳት፣ መድረኩ ላይ የቱ ጋ እንደነበረች ጠየቃት። በዓይኑ ሲፈልጋት ነበር ለካ።

«የኋላው እግር እኔ ነበርኩ፣ አባዬ። ስሰማ ነበር።»

ከብርድ ልብሱ ሥር ግን እግሯ ዱብ ዱብ! ዱብ ዱብ!

አባቷ የአልጋውን እንጨት በጣቱ ቀስ አድርጎ መታ። ኳ… ኳ…።

ምንታምር በተረከዟ መለሰችለት። ኳ… ኳ…።

ከዚያ አንድ ብቻ። ኳ…።

እግሯም አረፈ።