የማርልዲን አሥራ አንዱ ሴቶች

«ንግሥቲቱ የተደበቀችው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያች ትንሽዬ መስኮት ጀርባ!» አለች ኢሞጅን፣ እጇን «ደወል» ወደሚባለው የእንግዳ ማደሪያ ጣሪያ ዘርግታ። «ሦስት ቀን ሙሉ! ጠላቶቿ እታች ፈረሶቻቸውን ያጠጣሉ፣ እሷ እላይ ትንፋሿን ውጣ ቁጭ ብላለች።»

ጎብኚዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አንዷ «ወይ ጉድ!» አለች። ስልኮች ወደ መስኮቷ ተቀሰሩ።

ብራዮኒ ከኢሞጅን አጠገብ፣ በገበያው መሀል ካለው የድንጋይ መስቀል ደረጃ ላይ ቆማ የገዛ ጫማዋን ታይ ነበር። ጫማው ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ለሠላሳ ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳውን የማርልዲንን ከተማ እያዞሩ ያሳዩ የነበሩት የብራዮኒ አያት ዊልፍሬድ ናቸው። ዘንድሮ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ሲያደርጉ ሥራው ለሁለቱ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ተላለፈ። ጠዋት ከተማውን፣ ከሰዓት ደግሞ ኮረብታውንና የፈረሰውን ገዳም ያሳያሉ። ብራዮኒ አያቷ የነገሯትን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። ኢሞጅን ግን ከከተማው በላይ ካለ የበግ እርሻ የመጣች፣ ሰው ማሳቅ የምትችል፣ ዝምታ የማትወድ ልጅ ናት። ሚያዝያ ላይ ሦስት ጎብኚዎች ተራ በተራ ሲያዛጉ አየችና ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ንግሥቷን ጣል አደረገች። ማዛጋቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ንግሥቲቱ በየሳምንቱ እያደገች ሄደች፤ አንድ ሌሊት የነበረው ሦስት ቀን ሆነ፣ ጠላት ተጨመረ፣ ፈረስ ተጨመረ።

የዛሬው ግን ከሌላው ቅዳሜ ይለያል። ከጎብኚዎቹ መሀል አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት የለበሱ አጭር ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ፓርሚንተር ይባላሉ፤ ስለ ጥንታዊ የገበያ ከተሞች የጉብኝት መጽሐፍ ይጽፋሉ። ኢሞጅን በተናገረች ቁጥር እርሳሳቸው ይሮጣል።

የማደሪያው ባለቤት ወይዘሮ ሃርግሬቭ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«ከሻይ በኋላ ወደ ላይ አወጣችኋለሁ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ገና አላማረም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰኞ አናጢ ይመጣል። ያንን የተጫጫረ አሮጌ እንጨት በሙሉ ጣውላ አልብሶ ወርቃማ ቀለም ይቀባልኛል። የንግሥት ክፍል የንግሥት መምሰል አለበት፣ አይደል?»

ብራዮኒ ክው አለች።

ጎብኚዎቹ ሻይና ኬክ ፍለጋ ሲበተኑ የኢሞጅንን እጅጌ ይዛ ከአይብ ሻጩ ድንኳን ጀርባ ጎተተቻት። ዝናቡ ጠብ ጠብ ይላል። ሻጩ «ቅመሱልኝ፣ የኔ እመቤቶች! መቅመስ በነፃ ነው!» እያለ ይጮኻል።

«ሰማሻት? እንጨቱ ላይ ያሉትን ስሞች ሊሸፍኗቸው ነው!»

«የምን ስሞች?» አለች ኢሞጅን። ከዚያ ትዝ አላት። «ኧረ በናትሽ! አሁንም እነዚያ ልብስ አጣቢዎች?»

«አዎ፣ አሁንም እነሱ።»

«አታካብጂ ባክሽ። ልብስ አጣቢ ለማየት ብሎ ከለንደን ድረስ የሚመጣ ማን አለ? ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ነበር የሚመጣው? አምስት። አራቱ ደግሞ ዝናብ ሊጠለሉ። ዛሬ ግን እያቸው!»

«ግን ውሸት ነው፣ ኢሞ።»

«ማን ተጎዳ? ወይዘሮ ሃርግሬቭ ደስ ብሏታል፣ ሰዉ ደስ ብሎታል፣ ሴትዮዋ መጽሐፍ ላይ ልታወጣን ነው። ፊትሽን ያኮማተርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ስሚ፤ እዚያ ላይ ካጋለጥሽኝ ጓደኝነታችን እዚሁ አለቀ። የምሬን ነው።»

ትታት ሄደች።

የብራዮኒ አያት የገበያውን ጣሪያ በተሸከሙት የድንጋይ ምሰሶዎች መሀል፣ ከማር ሻጯ ጠረጴዛ አጠገብ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀምጠዋል። የልጅ ልጃቸው ስትመጣ ሲያዩ የሻይ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ምነው፣ ደመናው ፊትሽ ላይ ወረደ እንዴ?»

ነገረቻቸው። እስክትጨርስ ሰሟት።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። እርስዎን ይሰማሉ።»

«ሚያዝያ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ወሬውን እንደሰማሁ። ግን ጎብኚው ሲበዛ፣ ገበያው ሲደምቅ አየሁና ዝም አልኩ። የላላው ጉልበቴ ብቻ አይደለም፣ ልጄ።» ከሻይው ፉት አሉ። «አሁን ያንን ደረጃ እግሬ አይወጣውም። ያንቺ ግን ይወጣዋል። ተናገሪ ብዬ አላዝሽም። ብትናገሪም ባትናገሪም እራት ቤት አለ።»

ብራዮኒ ወደ ማደሪያው ተመለሰች።

ወደ ጣሪያዋ ክፍል የሚያወጣው ደረጃ በጣም ጠባብ ስለነበር በአንድ ረድፍ ነው የወጡት። እላይ ሲደርሱ ረጃጅሞቹ አጎነበሱ። ክፍሉ አቧራና የቆየ ፖም ይሸታል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተጋደመው ወፍራም ጥቁር እንጨት ጎኑ በሙሉ ተጫጭሯል።

«እዚህ ጥግ ነበር የምትተኛው» ስትል ጀመረች ኢሞጅን። ብራዮኒን እንዳታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋለች።

ወይዘሮ ፓርሚንተር ግን ጥጉን አላዩም። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ እንጨቱ ተጠጉ። «እነዚህስ ጭረቶች ምንድን ናቸው?»

ኢሞጅን ለአፍታ ደነገጠች። «እነሱ… ንግሥቲቱ ናት። ቀኑን ስትቆጥር… በጩቤ።»

«አይደለም» አለች ብራዮኒ።

ድምፅዋ እሷ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ እዚህ አቁመዋት፣ የእጅ ባትሪ እያበሩ የነገሯትን ለመናገር አፏን ከፈተች።

«ንግሥት እዚህ አልመጣችም። ከመቶ አርባ ዓመት በፊት፣ የካቲት ላይ፣ የዌን ወንዝ በገበያ ቀን ሞላ። በረዶው በአንዴ ቀልጦ ነው። ውሃው ድልድዩን አልፎ ያሁኑ አይብ ሻጭ ከቆመበት ደረሰ፤ የሰው ደረት ድረስ። የዚያን ጊዜ የማደሪያው ጌታ ፈረሱን ጭኖ ወደ ኮረብታው ሸሸ። ሠራተኞቹ ግን ቀሩ። ልብስ አጣቢዎች፣ ክፍል አፅጂዎች፣ የወጥ ቤት ሴቶች። አሥራ አንድ ነበሩ። የአልጋ አንሶላዎቹን ሁሉ ቋጥረው ከዚህ መስኮት ለቀቁና ሰው መጎተት ጀመሩ።»

«በዚህች መስኮት?» አለ አንድ ሰው።

«በዚህችው። አርባ ሦስት ሰው። ውሃው እስኪጎድል ሦስት ቀን እዚህ ቆዩ፤ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው የጌታውን ወንበር እየሰበሩ አነደዱ። አንድ ሕፃን በልብስ ቅርጫት ተጎትቶ ነው የወጣው። የአያቴ አያት ነው። እሱ ባይወጣ እኔም ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።»

ወደ እንጨቱ ሄዳ ጣቷን ጭረቱ ላይ አሳረፈች። «ሩት ፓጄት። ሃና ትሪገር። ዶርካስ ሊል። ኬዚያ ማሮው…» አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ አሥሩንም። በአሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። «ይቺ መስቀል ብቻ ናት። መጻፍ አትችልም ነበር። ሌሎቹ ስሟን ሊጽፉላት ይችሉ ነበር፤ ግን በገዛ እጇ ልታደርገው ፈለገች መሰለኝ። ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።»

ከሥር የአይብ ሻጩ ድምፅ ይሰማል። ከበሩ አጠገብ የቆሙ ሽበታም ሰውዬ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች» አሉ።

ወይዘሮ ሃርግሬቭ ፊታቸው ቀልቷል። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ እንጨት ሥር ፖም ሳስቀምጥ…» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱ እጃቸውን ወደ ስሞቹ ዘረጉ፤ ሳይነኳቸው መለሱት። «አናጢውን ቀጥሬዋለሁ እኮ። ምን ልበለው?»

«ከበላዩ ጥሩ መብራት ይስቀልልዎት» አሉ ወይዘሮ ፓርሚንተር። ያለፉትን ሁለት ገጾች ሰርዘው አዲስ ገጽ ገለጡ። ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ብራዮኒን ተመለከቱ። «እና የንግሥቲቱ ታሪክ ከየት መጣ?»

ብራዮኒ አፏን ገጠመች። ይህን እሷ አትመልሰውም።

«ከእኔ» አለች ኢሞጅን በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» ሰው እየገፋች አልፋ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

ብራዮኒ ያገኘቻት ድልድዩ ላይ ነው፤ እግሮቿን ወደ ወንዙ አንጠልጥላ ተቀምጣለች። ጎብኚዎቹ ወደ ኮረብታው በሚያወጣው የእግር መንገድ መግቢያ ላይ ምሳቸውን እየበሉ ይጠብቃሉ።

«አዋረድሽኝ» አለች ኢሞጅን፣ ሳትዞር።

«ስምሽን አልጠራሁም።»

«እሱ ነው የባሰው! እንደዚያ ዝም ብለሽ ስትቆሚ ምን ላድርግ?» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ላንቺ ቀላል ነው። ያንቺ ዘር በቅርጫት ከጎርፍ ይወጣል። እኛ ምን አለን? በግና ዝናብ። የኛን ቤት ታሪክ ባወራ በጎቹ ራሳቸው ያንቀላፋሉ።»

ብራዮኒ ሳቋ አመለጣት። ኢሞጅንም ልትስቅ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው።

«አሁን ከሰዓት ትመጫለሽ?»

«ምን ልሠራ? ውሸታሟ ልጅ እያሉ እንዲያዩኝ?»

ብራዮኒ ወደ ኮረብታው አየች። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በደመናው ስንጥቅ ወጥታለች፤ አረንጓዴው መስክ ላይ የድንጋይ አጥሮቹ ወደ ላይ ይጓዛሉ። የገዳሙን ታሪክ በቃሏ ይዛዋለች፣ ስንት መነኮሳት እንደነበሩት፣ መቼ እንደፈረሰ። ስትለማመደው ነበር የሰነበተችው፤ ከጠዋቱ በኋላ ደግሞ ሁሉም የሚሰሙት እሷን ነው።

«ኮረብታውን ዛሬ አንቺ ምሪ» አለች።

«ምን ብዬ? ይኸው በግ፣ ይኸውላችሁ ሌላ በግ?»

«የምታውቂውን።»

ኢሞጅን፣ እየቀለደችብኝ ይሆን ብላ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ተነሣች።

መጀመሪያ ላይ ከፊት ከፊት ብቻ ሄደች። ጎብኚዎቹ እርስ በርሳቸው ያንሾካሽካሉ። ብራዮኒ ከሁሉም ኋላ ነበረች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ኢሞጅን ድንገት ቆመች። እጇን አጥሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ…» አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ድረስ ያለውን አባቴና እኔ ነን የሠራነው። ባለፈው ጥር ፈርሶ ነበር። ሲሚንቶ የለውም፣ ጭቃም የለውም። አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዴ ያነሣነውን ድንጋይ መልሰን አንጥልም፤ ቦታ እንፈልግለታለን እንጂ። ጣቴን ሁለቴ ጨፍልቆኛል።» ግራ እጇን አሳየቻቸው።

ወይዘሮ ፓርሚንተር አጥሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ያለ ሲሚንቶ?» አሉ። ቅንድባቸው ተነሣ። «ይሄኛውስ እውነት ነው?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ኢሞጅን ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ወደ ኋላ አላለችም።

«ይግፉት» አለች።

ሴትዮዋ ማስታወሻቸውን በብብታቸው አደረጉና ሁለት መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። ኮፍያቸውን ያወለቁት ሽበታሙ ሰውዬ መጥተው አገዟቸው፤ ትከሻቸውን ሰጥተው ገፉት። አሁንም ንቅንቅ አላለም።

«በርትተው ይግፉት እንጂ!» አለች ኢሞጅን፤ አገጯ ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። «አያፍሩ!»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ተጠጋ። አንዱ ስለ በጎቹ ጠየቃት፣ ሌላዋ ጣቷን አሳዪኝ አለቻት። መልሱን ሳታስብ ትመልሳለች፤ መፍጠር አላስፈለጋትም።

የገዳሙ ፍርስራሽ ከኮረብታው ጫፍ ብቅ ሲል ኢሞጅን ዞር ብላ በሰዎቹ መሀል ብራዮኒን ፈለገች። ገዳሙን የማስረዳቱ የብራዮኒ ተራ ደርሷል። ብራዮኒ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ከአንዲት ጎብኚ ጎን ቆማ፣ እንደማንኛውም እንግዳ፣ ቀጥዪ ብላ ራሷን ነቀነቀችላት።