ማረፊያ ላይ የታጠረው ቤት

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ከማን እንደሰማሁት ግን አትጠይቁኝ...

ክፉ ነገር በሌሊት ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ይሄ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ከገነተ ማርያም በላይ ባለው ጭው ያለ ጉብታ ላይ ነው። ወሩ ግንቦት፣ ሰማዩ ደረቅ።

አዝመራው ዕድሜውን አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ያማረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መብራት ሄደ፣ ውሃ ጠፋ የማይባልበት ቤት። ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ጓሮው ላይ ዓለቱን ፈልፍሎ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ። በቃ። እሱና ሚስቱ የትናየት።

እሷ ግን ገና ልቧ አልቆረጠም። "መጥቼ አየዋለሁ። ካልወደድኩት በመጣሁበት እመለሳለሁ" ብላዋለች።

ቦታውን ያሳየው ደላላ "ስሙ ማረፊያ ነው" ሲለው አዝመራው ከት ብሎ ሳቀ።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል! ለጡረተኛ የተሰፋ ነው እንጂ!"

ለምን ማረፊያ እንደተባለ አልጠየቀም።

የአገሩ ሰው አስከሬን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቃሬዛውን የሚያሳርፈው እዚያ ነበር። ካህናቱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ተሸካሚው ትከሻውን ያሻል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

አዝመራው ቦታውን አጠረው።

ከዚያ ወዲህ ቀብር ሳያርፍ ያልፍ ጀመር። ከሚያልፈውም ሰው አንድ ሰላም የሚለው ጠፋ።

አስቻለች የምትባል ጎረቤቱ ብቻ አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆመች።

"ጋሼ፣ ቤቱ አማረ።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"መቼም የኛ ሙታን ሳያርፉ አልፈዋል። እንግዲህ እርስዎ ይረፉላቸው።"

ፈገግ አላለችም።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች...

ጉድጓዱን የሚፈለፍሉት ጠራቢዎች አጥሩ ውስጥ ተቀምጠው አይበሉም። ቆመው ነው የሚጎርሱት። ልብሳቸውንም፣ ስንቃቸውንም መሬት አያስነኩም። አጥሩ ላይ ይሰቅሉታል።

"ምነው፣ መሬቱ ይነክሳል?" አለ አዝመራው ሊቀልድ።

አለቃቸው ከፋለ የጎረሰውን እስኪውጥ አስጠበቀው።

"እዚህ ያረፈ ነገር ሳይነሳ ይቀራል፣ ጌታው።"

ያን ጊዜ ሁሉም ቆመው እየበሉ ነበር። ሁሉም። ከጉድጓዱ ውስጥ ግን መሮ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ።

ቋ... ቋ... ቋ...

ቀና ያለ የለም።

የትናየት ከላሊበላ መኪና ይዛ የመጣችውም በዚያው ቀን ነው። አዝመራው እሷ ሳትደርስ ጉድጓዱን ልየው ብሎ በመሰላል ወረደ።

መሮ የያዘ ሰው አልነበረም።

ጠብታ ውሃ የለም። ግድግዳው የሰው መዳፍ ሲዳብሰው የኖረ ይመስል ልሙጥ ነው። አቧራው ላይ ያለው ዱካ የራሱ ብቻ...

መሰላሉ ሽቅብ ተነሳ።

"ከፋለ?"

"ቀስ ብለው ያውሩ" አለ ከላይ፣ በሹክሹክታ።

"መሰላሉን አውርድ።"

"ይረፉ፣ ጌታው።"

"ቀልድህን ተው። ሚስቴ እየመጣች ነው።"

"ደርሳለች። እየተቀበሏት ነው።"

"ማን ነው የሚቀበላት?"



የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። ቀጥሎ የትናየትን ሳቅ። ከሳቋ ጋር አንድ የወንድ ድምፅ። ቤቱን እያዞረ ያሳያታል፤ ሶላሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ መኝታ ቤቱን። ሰውየው ሲስቅ ሳል ያቋርጠዋል። አዝመራው ያንን ሳል ያውቀዋል...

የራሱ ነበር።

"የትናዬ!" ብሎ ጮኸ። ዓለቱ ድምፁን ዋጠው።

"ወደድኩት" ስትል ሰማት። "እንኖርበታለን።"

ኮቴ ቀረበ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ፊቷ ብቅ አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሁለት እጁን ዘረጋላት።

"ወይ ጉድ" አለች፣ ከኋላዋ ወዳለው ሰው ዞር ብላ። "ክረምት ሳይገባ ውሃው ሞላልህ እንዴ? ደግሞ ጥራቱ... መስታወት እኮ ነው!"

ትከሻዋ ላይ የወንድ እጅ አረፈ።

የትናየት ጎንበስ እንዳለች፣ የአዝመራውን ዓይን እያየች ፀጉሯን አስተካከለች።