ከቲዝል ወለል ሥር

ሄስተር ጋርሳይድ ባሏን ሞቶ ያገኘችው ይቅርታ ልትጠይቀው በሄደችበት ጠዋት ነው።

ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ቲዝል ከቦዩ ዳር እንደታሰረች ናት፤ እንደ ባቡር ፉርጎ የረዘመች፣ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ግራ ቀኟን ለመንካት ጥቂት የሚቀረው፣ ድሮ ከሰል ስታመላልስ የኖረች ጠባብ የብረት ጀልባ። ሄስተር የኋላውን ጓዳ በር ከፍታ እንደ ልማዷ ሳታይ እግሯን ሰደደች። እግሯ የሚያርፍበት አጣ። ከበሩ ሥር እንደ ደረጃ የሚረገጠው የከሰል ሣጥን ቦታው ላይ የለም። ቁልቁል ወድቃ ቅልጥሟን የምድጃው ጠርዝ መታት።

ቀና ስትል ባሏ ዊልፍሬድ አግዳሚው ላይ ተጋድሟል። ጉንጩ ቀልቷል፤ የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ነካችው። በረዶ ሆኗል።

ጩኸቷን ሰምተው ከኋላዋ የደረሱት እትዬ ፕሩደንስ ኦታዌይ ነበሩ። ሄስተር ያደረችው እሳቸው ቤት ነው። ቲዝልን የሸጡላቸውም እሳቸው ናቸው፤ አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ የነዳት፣ እሳቸውም የተወለዱባት ጀልባ ስለሆነች ሲሸጧት አልቅሰዋል። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ውጪ ልጄ፣ ውጪ! የከሰል ጭስ ነው!» አሉ።

ረፋዱ ላይ ሄስተር የጀልባ ጥገናው ግቢ ውስጥ እርጥብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ፖሊሱ ሳጅን ዶውስ ይጠይቃት ነበር።

«ትናንት እኩለ ቀን ላይ ተጣልታችኋል።»

«አዎ።»

«‹ከዚችው ዝገትህ ጋር አብረህ ተቀበር› ብለሻል። ግቢው በሙሉ ሰምቷል።»

ሄስተር እውነትም ብላለች። ቤታቸውን ሸጠው ይህችን ጀልባ ከገዙ ወዲህ የብርዱን ወራት ሁሉ ዝገት ሲፍቁና ሬንጅ ሲቀቡ ነው የከረሙት። ልብሷ ሻግቷል፣ እጇ ተሰነጣጥቋል፣ እሱ ግን ሌላ ወሬ የለውም። ትናንት ጭራሽ፣ «መሐሏን ቆርጠን ብናሳጥራት ይሻል ይሆን?» ሲላት ቱግ አለች። የመጨረሻ ቃሏ ያ እርግማን ሆኖ ቀረ።

«ቅልጥምሽስ ምን ሆኖ ነው የበለዘው? ታግሎሽ ነበር?»

«ስገባ ወድቄ ነው።»

«ስንት ወር የኖርሽበት ጓዳ ውስጥ?»

ራሷም ስትሰማው ውሸት መሰላት። ዶውስ ወደ እትዬ ፕሩደንስ ዞረ። «እርስዎም ጀልባዋ ልትቆረጥ መሆኑን ሰምተዋል። ሁለታችሁም አንድ ቤት አደርን ትላላችሁ። ጥሩ ምስክር ነው የተገኘው!»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ!» አሉ አሮጊቷ። «አባቴ በሕይወት ቢኖር ቦዩ ውስጥ ይነክርህ ነበር።»

«ይንከረው፤ ሙቀት ይበርድለታል» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

ኢንስፔክተር ሞድ ኬትልዌል አጭር ናት፤ የዝናብ ካፖርቷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ይወርዳል። ሄስተርን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ጣሪያው ላይ ወጣችና ጭስ ማውጫው አጠገብ ተንበረከከች። ተነቃይ ነው፤ ጀልባው ዝቅተኛ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ተነቅሎ ይቀመጣል። ጣቷን አስነክታ አሸተተች።

«ሳጅን፣ ዝናቡ መቼ አባራ?»

«ሲነጋጋ፣ ኢንስፔክተር።»

«እሺ» አለች፤ ጣቷን ጠርጋ ወረደች።

ላዮኔል ፒክ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጀልባ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ እሱን ይጠራል፤ ብረቱን በመዶሻ እያንኳኳ ደህና ነው ወይም አይደለም ይላል። ቲዝልንም ሲገዙ ደህና ናት ያላቸው እሱ ነው። የሄስተርን እጅ ያዘ። «ምስኪን ዊልፍሬድ! እሳት አፍኖ የመተኛት ጣጣ ነው። ስንቱን ጨረሰ።»

ኬትልዌል በቀኙ በኩል ተጠግታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትናንት አግኝተውት ነበር?» አለችው። ፒክ ሄስተርን ማጽናናቱን ቀጠለ። ዞራ በግራው ደገመችለት።

«እኔ? ከገዟት ወዲህ ቲዝልን ረግጫትም አላውቅ።»

ኢንስፔክተሯ ብዙ አልጠየቀችም። ጓዳውን አይታ ስትወጣ አግዳሚው ሥር ስላገኘችው ጠርሙስ ጠየቀች፤ ሄስተር ዊልፍሬድ ለሳሉ የሚወስደው፣ እንቅልፍ የሚጥል ሽሮፕ ነው አለቻት። የጓዳውን ወለል ማን እንደሠራው ጠየቀች።

«ዊልፍሬድ ነው። አንድ ብሎን ጠማማ ቢሆን እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ኬትልዌል ሁሉንም ወደ ጀልባዋ ጠራች። «ጠባብ ነው፤ ግን እንችላለን። እትዬ ፕሩደንስ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

አሮጊቷ ከልጅነታቸው በሚያውቁት በር ሳያዩ እግራቸውን ሰደዱና ተንገዳገዱ። ውስጥ የቆመችው ኢንስፔክተር ባትይዛቸው ወድቀው ነበር። «የታባቱ! ሣጥኑን የት ወሰዱት?» አሉ። ቀጥሎ ዶውስ ገባ፤ እሱም ጠዋት እንደሆነው ጉልበቱን ተጋጭቶ ተሳደበ። ሄስተር ተደግፋ ወረደች። ፒክ መጨረሻ ላይ መጣ። ዓይኑን ከሄስተር ሳይነቅል ግራ እግሩን ወደ ጥግ ሰደደ፤ እዚያ በጨለማው ውስጥ የተደፋ የእንጨት ሣጥን ነበር። እሱን ረግጦ በቀላሉ ወረደ።

ኬትልዌል በሩ ላይ ቆመች።

«ጣሪያው ላይ ጥቀርሻ አለ» አለች። «ዝናብ አልነካውም። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያውን ሲያጥብ አድሯል። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ ጭስ ማውጫውን ነቅሎ የመለሰ ሰው አለ። ለምን? ማታ የወተፈበትን ነገር ለማውጣት ነዋ። ዊልፍሬድ ሽሮፑን ጠጥቶ ተኝቷል፣ ጭሱ መውጫ አጥቷል።»

«ሁለቱ ሴቶችም ጠዋት እዚህ ነበሩ» አለ ዶውስ።

«ነበሩ። ግን ሄስተር የሄደችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ዊልፍሬድ ከዚያ በኋላ ወለሉን ሊከፍት የከሰሉን ሣጥን አንሥቶ ያንን የእንጨት ሣጥን በምትኩ ጥግ ላይ ለመረገጫ ደፋ። ሄስተር ይህን ስላላወቀች ወደቀች፤ የበለዘው ቅልጥሟ ምስክሯ ነው። እትዬ ፕሩደንስም አላወቁም። ከትናንት ከሰዓት እስከ ዛሬ ንጋት እዚህ የገባ ሰው ብቻ ነው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው።» ወደ ፒክ አየች። «ረግጫት አላውቅም ያለው ሰው።»

ፒክ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በአጋጣሚ ነው።»

«ብሎኖቹስ? ዶውስ፣ ተመልከት። የሌላው ብሎን ሁሉ ራሱ ላይ ያለው ስንጥቅ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፏል፤ የእነዚህ ሦስት ሳንቃዎች ግን ወዲያና ወዲህ ነው። የዊልፍሬድ እጅ አይደለም። ክፈተው።»

ሳንቃው ተነሣ። ሥሩ ያለው ብረት ላይ ዊልፍሬድ በነጭ ጠመኔ ክብ ክብ ምልክት አድርጓል። ኬትልዌል ከክቦቹ አንዱን በብሎን መፍቻው ጫፍ ወጋ አደረገችው። ብረቱ እንደ ካርቶን ተበሳና የቦዩ ውሃ ሽቅብ ፈለቀ። እትዬ ፕሩደንስ ፈጥነው በመሐረባቸው ወተፉት።

«ይህን አይቶ ጠራዎት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ የሳሳ ብረት ድምፁ ይሞታል። እርስዎ ግን መስማት አቁመዋል፣ አቶ ፒክ። በቀኝዎ ስጠይቅዎት አልሰሙኝም። በግራዎም አፌን እያዩ ነው የመለሱልኝ።»

ፒክ የምድጃውን ጠርዝ ይዞ ቁጭ አለ። ሲናገር ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

«ልለምነው ነው የመጣሁት። ‹ዝም በለኝ፣ በገዛ እጄ እጠግናታለሁ› አልኩት። ‹ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አለ። ‹ሰው ይሰምጣል› አለ። መዶሻው ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ? ሽሮፑን ሲጠጣ አየሁት... እርጥብ ጆንያ ነበር። ጠዋት ሳንቃውን መለስኩ፤ ሰው ሲመጣ ሰምቼ—» ቆመ። «አልሰማሁም። በመስኮቱ አየኋችሁ።»

ሄስተር ልትመታው ተነሥታ ነበር። እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ሌላ ነገር መጣባት።

«ከእኛ በኋላ የማንን ጀልባ መረመርክ?»

ፒክ አቀርቅሯል። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ አፏ አዞረች። «የማንን?»

«ማሎው የምትባለዋን። ባለፈው ሳምንት። ባለቤቶቿ ልጆች አሏቸው። ዛሬ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።»

የዝናቡ ውሃ ወንዙን እንደሚሞላው ሁሉም ያውቃል። ዶውስ ራዲዮውን ሲያወጣ ሄስተር ከጓዳው ወጥታ ነበር። የቦዩን ዳር ይዛ በጭቃው ሮጠች። ቅልጥሟ እንደ እሳት ያቃጥላት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወድቃ ተነሣች። ቦዩ ከወንዙ ጋር የሚገናኝበት የመጨረሻው የውሃ በር፣ ውሃ እየለቀቀ ጀልባ ወደ ወንዙ የሚያወርደው የድንጋይ ገንዳ ጋ ስትደርስ ማሎው ገብታ ውሃው ዝቅ እያለ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት መሪውን ይዛለች።

«አቁሚ! ልጆቹን አውጫቸው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ? ማነሽ?»

«ሥሯ በስብሷል! ያየላችሁ ሰውዬ ጆሮው አይሰማም። የኔን ባል ገድሎታል። በእናትሽ አውጫቸው!»

ሴትዮዋ የሄስተርን ፊት አየች፤ ሌላ አልጠየቀችም። ባሏን ጮሃ ጠራችው። እሱ ውሃ ማውጫውን ሊዘጋ ሲሮጥ፣ እሷ ልጆቹን አንድ በአንድ ሽቅብ አቀበለች። ሄስተር ድንጋዩ ላይ በሆዷ ተኝታ ተቀበለቻቸው። ትንሿ ከእንቅልፏ ገና አልነቃችም፤ ሞቃት ነበረች። ሄስተር እንዳቀፈቻት ሣሩ ላይ ተቀመጠችና፣ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ መጣ።