የተለሰነው ጎተራ

«የሲናን ጎተራ ገና አፉ አልተከፈተም» ይል ነበር ግራዝማች ቢተው። ጠዋት ይለዋል፣ ማታ ይለዋል። ከዲማ በላይ የሰፈረው የአርበኛ ጦር ስንቁ ስለተሟጠጠበት ወሬውን እንደ እንጀራ ይጎርሰው ጀመር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ መሽጎ ተቀምጧል፤ የጦሩ አዛዥ ፊታውራሪ እንዳላማውም ቀለቡን ከጮቄ ተራራ ማዶ ካለው ከሲናን ገበሬ ሊያስገብሩ አዋጁን አሰናድተዋል።

የስንቅ ኃላፊዋ የብርጓል ግን ተነሥታ ቆመች። «ጌታዬ፣ አይቼ እስክመለስ ይቆይ። የዘር ገብሱን ከነጠቅነው ገበሬው ነገ ጣሊያን ደጅ ይሰለፋል።»

«ጎተራ ልትቆጥሪ?» ቢተው ሳቀ።

«እርስዎ ተቀምጠው ያወሩትን እኔ ሄጄ ባየው ምን ይጎድልብዎታል?»

ፊታውራሪው እስከ እሑድ ጉባኤ ጊዜ ሰጧት።

እሷና መንገድ መሪው አያ አንሙት አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭነው፣ ነጋዴ መስለው ጮቄን ወጡ። ተራራው በጉም ተቀበላቸው፤ ጉሙ ሲገፈፍ በረዶው ወረደ። ጅባራ የሚሉት የደጋ ተክል ሥር ተሸጎጡ። የብርጓል ጋቢዋን አውልቃ ጨውን ሸፈነች።

«አንቺስ?» አለ አንሙት።

«እኔ አልሟሟም።»

ቁልቁለቱ ላይ ከአስታ ጫካ ውስጥ ነብር ዘሎ የበቅሎዋ ጀርባ ላይ ጉብ አለ። አንሙት ቃታ ሳበ፤ የረጠበው ጠመንጃ እንቢ አለ። የብርጓል አንድ አሞሌ መዝዛ አፍንጫውን አለችው። ነብሩ ተስፈንጥሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«ነብር በጨው ሲመታ ገና ዛሬ አየሁ» አለ አንሙት።

«አልጫ ሆኖብኝ ነው።»

ሲናን ገብተው ሮብ ገበያ ከሚባለው ከተማ ሲደርሱ ሳቋ ጠፋ። ወሩ ሰኔ ነው፤ የመዝሪያ ወር። ሰዉ ግን የማረሻውን ብረት ለሽያጭ ዘርግቷል። የእርሻ በሬ ረክሷል፣ ገብስ እሳት ሆኗል። አበረ የተባለ የቆላ ነጋዴ አጠገብ ቁጭ ብላ ጠየቀችው።

«ማሽላማ እኛ ዘንድ ነቀዝ እየበላው ነው» አለ። «ግን በግራዝማች ቢተው ኬላ ሁሉ ቀረጥ እየሰፈርኩ ስወጣ ለእኔ ስልቻው ይቀረኛል። ማን ያመጣዋል?»

ከገበያው ወደ መንደሩ ዘለቀች። የእሜቴ ወለተ ሰንበት ጎተራ አፉ እንዳልተነካ በአዲስ እበት ተለስኗል። በጡጫ መታችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ባዶ ነው'ኮ፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ከፍቼ ለጎረቤት ላሳይ?» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ። የሌሎቹ ሙሉ ነው።»

ጎረቤታቸው ዘንድ ሄደች። ያም ጎተራ ከበሮ ነው፤ ባለቤቱም «የእኔ ብቻ ነው የጎደለው» አላት። መንደሩ ሁሉ እርስ በርሱ ተፋፍሮ ረኃቡን ለስኖበታል።

ሲመለሱ የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ያጓራል። ከኋላቸው አንድ ባንዳ ጠመንጃውን ደግኖ ብቅ አለ።

«ንቅነቅ ብትዪ እደፋሻለሁ» አላት።

«የበቅሎዋን ጭራ ያዝ» አለችው አንሙትን፣ በቅሎዋንም እየነዳች ዘላ ገባች። ውኃው ገለበጣቸው፣ ድንጋይ ላይ አላተማቸው፤ ወዲያ ማዶ ሲተፋቸው ጨዉ ሟሙቶ ስልቻው ብቻ ተንጠልጥሏል።

እሑድ፣ ጉባኤው እንደ ተቀመጠ፣ ጭቃ ለብሳ ደረሰችና «የሲናን ጎተራ ባዶ ነው» አለች።

«ተዘግቶ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ቢተው።

«አንኳኩተዋል?»



የበሬውን ርካሽነት፣ የማረሻውን ገበያ መውጣት፣ የኬላውን ነገር አንድ በአንድ አስረዳች። ፊታውራሪው «የማንን ጎተራ አንኳኳሽ?» ሲሏት ግን፣ ያቺ የማታፍር ምላሷ ታሰረች። «እሱን አይጠይቁኝ፣ ጌታዬ» አለች ቀስ ብላ። «እምነት ተጥሎብኛል።»

አዋጁ ተቀደደ። ኬላው ተነሣ። ማሽላ የጫነ አህያ ከቆላ ሽቅብ ይተም ጀመር፤ ጦሩም ከዚያው ሸመተ። ሲናን ማሽላውን እየበላ ለዘር ያስቀራትን ገብስ ዘራ። ልጆቹንም ለጣሊያን ሳይሆን ለፊታውራሪ እንዳላማው ሰደደ፤ አንዳንዶቹ ከጣሊያን ከድተው መጡ።

ከከዱት አንዱ የጨሞጋው ባንዳ ነበር። የብርጓል ቁና ማሽላ ስትሰፍርለት ራሱን አከከና፣

«ያን ቀን ውኃው ውስጥ ባትገቢም ይቻል ነበር» አላት።

«እንዴት?»

«ጥይት አልነበረኝም።»