ከድልድዩ የወደቀችው

«ቁሚ! ቁሚ! እንዳትነኪው!» ቴሪ የሶራን እጅ ከማውሱ ላይ ገፋ አድርጋ የኮምፒውተር ጨዋታውን አስቆመችው።

ስክሪኑ ላይ ድልድዩ ለሁለት ተሰንጥቋል። ካባዋን ነፋስ ያነሳባት ጀግና መሀል ላይ ናት። በግራዋ ሕፃናት የጫነ አውቶቡስ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። በቀኟ ረዳቷ ብረት በአንድ እጇ ይዛ እግሮቿ አየር ላይ ቀርተዋል። ከረዳቷ ራስ በላይ ስሟ በነጭ ፊደል ተጽፏል፤ ኡንቢ።

ስሙን ያወጣችው ቴሪ ናት። ጨዋታው ገና ሲጀመር «ለረዳትሽ ስም ስጪ» ሲላት የክፍላቸውን ልጅ ስም ጻፈች። ሌላዋ ጓደኛቸው ዳሚ ስትስቅ ኮላው በአፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ሕግ አወጡ፤ ጨዋታው ውስጥ ያለችው ኡንቢ የሆነችውን ሁሉ የክፍላቸው ኡንቢም ትሆናለች። ባለፈው ምዕራፍ ጠላት የረዳቷን አፍ አሸገ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ የክፍላቸው ኡንቢ ስትናገር መልስ የሰጣት ልጅ አልነበረም።

ጥፋቷ ምን ነበር? በክፍሎች የመዝሙር ውድድር ላይ ተሳስታ ከሁሉም ቀድማ መዘመር ጀመረች። ክፍሉ ተሸነፈ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሶራ ማውሱን የምትይዘው ጣቷ ፈጣን ስለሆነ ነው። ቴሪ ፍልሚያ ላይ ቶሎ ትሞታለች፤ ዳሚ ደግሞ ገና ግድግዳ እየገጨች ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከማጠናከሪያ ትምህርት ወጥተው ጌም ቤት ሲገቡ መሀለኛው ወንበር የሶራ ነው። ድሮ ከጎኗ የምትቀመጠው ኡንቢ ብቻ ነበረች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። አሁን ግን ቴሪ ከሩቅ በስሟ ትጠራታለች፣ ሌሎቹም ዞረው ያዩዋታል።

«የክፍሉ ግሩፕ ላይ ድምፅ ይሰጥበት» አለች ቴሪ ስልኳን እያወጣች። «ትውደቅ፣ ወይስ ትትረፍ?»

«ኡንቢም እኮ ግሩፑ ውስጥ አለች» አለች ሶራ።

«እና? ዜጋ አይደለችም እንዴ? ትምረጥ!»

ኡንቢ ከግሩፑ ስንት ጊዜ ወጥታለች። በወጣች ቁጥር ቴሪ መልሳ ታስገባትና «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ቆንጆ» ብላ ትጽፍላታለች።

«እኔስ ልምረጥ?» ሶራ ጠየቀች።

«አንቺ ማውስ ይዘሻል። ምርጫ ቦርድ ነሽ።»

ሶራ ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ ስለቀለላት አፈረች።

ያዘዙት የራምዮን ፓስታ ሾርባ ሳይቀዘቅዝ ድምፁ ጎረፈ። «ትውደቅ» የሚለው ሥር ስሞቹ ተደረደሩ፤ ዝምተኞቹ ልጆች ሳይቀሩ። «ትትረፍ» የሚለው ሥር ማንም የለም።

«አንድ ሰው ቀረ» አለች ዳሚ። «ራሷ ናት! አይታዋለች እኮ። አይታ ዝም!»

ቴሪ እየሳቀች ጻፈች፤ «ኡንቢዬ፣ አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው። ምግባችን ቀዘቀዘ።»

ሦስቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። ትንሽ ቆይቶ የኡንቢ ስም ብቅ አለ። «ትውደቅ» የሚለው ሥር።

ዳሚ ጠረጴዛውን ደበደበችው። «ራሷን! ራሷን መረጠች! ኧረ ልሞት ነው!»

«ሕዝቡ ተናግሯል» አለች ቴሪ። የስልኳን ካሜራ ወደ ስክሪኑና ወደ ሶራ አዙራ ጨዋታውን መልሳ አስጀመረችው።

ጊዜውን የምትቆጥረው ቀይ መስመር እያጠረች ሄደች። ለማዳን አውቶቡሱን ወይም ረዳቷን፤ አንዱን መጫን ነው። ሶራ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። ምንም ካልነካሁ እኔ አላደረግሁትም ማለት ነው። እጇን ከማውሱ አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈች።

መስመሯ አለቀች። ጀግናዋ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ገደል ገባ፤ ረዳቷ የያዘችው ብረትም ተነቀለ። ስክሪኑ ጠቆረና ጽሑፍ መጣ፤ «ምንም አልመረጥሽም። ኡንቢ እስከ መጨረሻው እያየችሽ ነበር።»

«ሁለቱንም ጨረስሻቸው!» ዳሚ ጮኸች። «እኛ እኮ አንዷን ነው ያልነው! አንቺ ከኛ ትብሻለሽ!»

ቴሪ ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። ሥሩም ጻፈች፤ «ሞታለች። ከሰኞ ጀምሮ ማንም አያያትም።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሶራ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጸልይበት ሰዓት ደረሰ። እናቷ ዐይኗን ጨፍና ስለ ልጇ ፈተና ትለምናለች። በዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል ሰው የጎረቤቱን አይሰማም፤ የሚሰማው አንድ አምላክ ብቻ ነው። ሶራ አፏን ከፈተች። «እኔ እኮ ምንም አልነካሁም…» አለች። ቀጥሎ የሚባለው ጠፋት። እናቷ «አሜን» እስክትል ድረስ እጇን አጣምራ ጠበቀች።

ሰኞ ጠዋት አንዷ ልጅ ቦርሳዋን አምጥታ ወንበሯ ላይ በተቀመጠችው በኡንቢ ጭን ላይ አኖረችው። «ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው» አለች ለጓደኛዋ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ልጅ ቀጥ ብሎ መጥቶ ከግድግዳ ጋር አላተማትና «ውይ፣ ነፋስ መሰለኝ» ብሎ አለፈ። ኡንቢ መነጽሯን ከወለሉ አነሳች።

ምሳ ሰዓት ሾርባ የመቅዳት ተራው የዳሚ ነበር። ሶራ ከኡንቢ ኋላ ተሰልፋለች። የዳሚ ጭልፋ የኡንቢን ትሪ በላዩ ላይ አልፎ የሶራ ትሪ ላይ ያለውን ሳህን ግጥም አድርጎ ሞላው። ኡንቢ አልጠየቀችም። ደረቅ ሩዟን ይዛ ግድግዳው ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች።

«ሶራ!» ቴሪ ከመሀል አዳራሽ ወንበር እየመታች ጠራቻት። «ቦታሽ!»

ሶራ ወደ ግድግዳው ሄደች።

«ሂጂ» አለች ኡንቢ ቀና ሳትል።

«ቅዳሜ ማውሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ቪዲዮው ላይ እጅሽ ይታያል። ጉልበትሽ ላይ ነበር።»

ሶራ ፊቷ ጋለ። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ ግን ለዚህ ነገር በጣም ያነሰባት መሰላት።

«እዚህ ከተቀመጥሽ ቀጥሎ የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው» አለች ኡንቢ።

«ይጻፍ።»

«በአፍ ቀላል ነው። ስሚኝ፣ ድምፅ ሲሰጥ እኔም እመርጥብሻለሁ። ትውደቅ ነው የምለው።» አሁን ቀና ብላ አየቻት። ዐይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዐይን ነው። «የምሬን ነው። እኔን ይተዉኝ እንጂ ማንም ላይ እመርጣለሁ። አንቺ ላይም። ኋላ ጓደኛዬ ነበረች እንዳትዪ።»

«ሶራ! ጆሮሽ ተደፈነ እንዴ?» የቴሪ ድምፅ እንደገና መጣ። ዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ሳቁም፣ ጥሪውም ቆመ።

ሶራ ወንበሩን ሳበችው። እግሩ ወለሉን ሲፍቅ የአዳራሹ ግማሽ ዞሮ አያት።

ተቀመጠች። ኡንቢ ትሪዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ቦታ ልትለቅላት ይሁን ልትርቃት፣ ሶራ መለየት አልቻለችም።